የበጎ ፈቃድ ክበብ ዘገባ፦ ድሬዳዋን ከሥራው በፊት

የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ካከናወናቸው ተግባራት መካከል ሰፊውን ቦታ የያዘው በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ድሬዳዋ ያደረግነው የአገልግሎት ጉዞ ነው። አባላቱ ከጥቅምት ጀምሮ መጻሕፍትና ደብተር ሲያሰባስቡ፣ በዕረፍት ሰዓት ሻይና ብስኩት እየሸጡ ገንዘብ ሲያጠራቅሙና የወላጆችን ፈቃድ ሲያስፈርሙ ቆይተዋል፤ ይህ በየዓመቱ የሚደረግ በመሆኑ አላተትበትም። ዘንድሮ አዲስ የነበረው፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከተማዋን በእግር ዞሮ ለማወቅ ጊዜ መመደባችን ነው። ከወላጆች መካከል «ልጆቹ የሚሄዱት ሊያገለግሉ ነው ወይስ ሊንሸራሸሩ?» ብለው የጠየቁ ስለነበሩ መልሱን በጽሑፍ ማቅረብ ተገቢ ይመስለኛል።

ባቡሩ ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ፣ አዳማንና አዋሽን አልፎ ድሬዳዋ ሲያደርሰን ቀኑ ተገባዶ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ድሬዳዋን በትክክል የተዋወቋት በማግስቱ ጠዋት፣ ከዚራ በተባለው ሰፈር በሚገኘው በአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ በር ላይ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ለመድረስ የተራራው አቀበት ስላስቸገረው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ፤ በዚያም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል የነበረችው ከተማ ተቆረቆረች። ይህን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነግሬአቸው የነበረ ቢሆንም፣ በዚያ ቦታ ቆመው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባት ሲያስረዷቸው የሰሙበት ጆሮ ሌላ ነው። አባታችን አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ፈረንሳይኛውን እያፈራረቁ የከዚራ መንገዶች ቀጥ ብለው የተቀየሱትና ዳርና ዳራቸውን ዛፍ የተተከለላቸው ለባቡሩ ሠራተኞች ጭምር መሆኑን አስረዱን።

ከዚራን ለቀን መጋላ ወደሚባለው ሰፈር ስንሻገር ግን መንገዱ ሁሉ ጠመዝማዛ ሆነ። ተማሪዎቹን በቡድን ከፍለን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጠይቆ የሚመለሰው ጉዳይ ሰጠነው፤ ካርታም አድለን ነበር፤ ቀፊራ ውስጥ ግን ካርታ የሚያይ ሰው አላገኘንም። ከአሥራ አንደኛ ክፍል የመጣች አንዲት ተማሪ ቅመም ከሚሸጡ እናት ዘንድ ቆማ የሚጥሚጣውን ዋጋ በአማርኛ ብትጠይቅ፣ እናት ለእርሷ በአማርኛ እየመለሱ፣ ከጎናቸው ካለችው ነጋዴ ጋር በሶማሊኛ ተማክረው፣ ለተሸካሚው በኦሮምኛ ትእዛዝ ሰጡ። ተማሪዋ በማስታወሻዋ ላይ ዋጋውን ሳይሆን ይህን ጽፋ ተመለሰች። ከቀትር በኋላ ሱቆቹ ተዘግተው ከተማዋ ለዕረፍትና ለጫት ስትቀመጥም አይተናል፤ ስለ ጫቱ ያለኝን አስተያየት ለራሴ ይዤ፣ ሁላችንንም ጥላ ሥር ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ እንድንጠጣ አደረግሁ።

ከሁሉ ይልቅ የተማሪዎቹን አነጋገር የለወጠው ደቻቱ ነው። በጥር መጨረሻ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ፍየሎች ይሻገሩበታል፤ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። «ይህ ነው ወንዙ?» ብለው የሳቁ ነበሩ። በዳርቻው የሚኖሩ አንድ አባወራ ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ሰውን ከነቤቱ እንዴት ጠርጎ እንደወሰደ ሲናገሩ ሣቁ ቀረ። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ውሃው የሚጠራቀመው በደጋው በኩል፣ በደንገጎ ተራሮች ላይ በሚዘንበው ዝናብ በመሆኑ፣ ከተማው ውስጥ አንድ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

የአገልግሎቱ ሥራ ሁለት ዘርፍ ነበረው፤ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ድጋፍ መስጠትና በሰፈሩ የተደፈኑ የፍሳሽ ቦዮችን ከበልጉ ዝናብ በፊት መጥረግ። ቦይ መጥረግ በዕቅዱ ላይ ሲነበብ ማንም የማይሽቀዳደምበት ሥራ ነበር፤ ከደቻቱ መልስ ግን አካፋ ለመያዝ የተመዘገበው ተማሪ ካሉን አካፋዎች በለጠ። ሥራውንም የአካባቢው ወጣቶች እንደመከሩን በጠዋትና ፀሐይ ሲበርድ እንዲሆን ወሰንን።

በንባቡ በኩል የተደረገው ለውጥ ደግሞ ቀፊራ ውስጥ የተገኘ ነው። በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደየተማሪው በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ይሰጣል፤ እኛ ግን ይዘን የሄድነው ባብዛኛው የአማርኛና የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ነበር። አባላቱ በዚያው ምሽት ተሰብስበው ኦሮምኛ የሚናገሩት የኦሮምኛውን የንባብ ቡድን እንዲይዙ፣ ለሶማሊኛው ቡድን የዚያው ትምህርት ቤት ከፍ ያሉ ተማሪዎች እንዲያነቡና የእኛዎቹ ሒሳብ እንዲያግዙ ተስማሙ። ስብሰባውን የመራሁት እኔ አልነበርኩም፤ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ እንጂ። እንደ መምህር ዓመቱን ሙሉ ከሰማኋቸው የክበብ ስብሰባዎች ሁሉ ጭቅጭቅ የበዛበትም፣ ፍሬ ያለውም ይህ ነበር። ስለዚህ ለወላጆች የምሰጠው መልስ፣ መንሸራሸሩ ከአገልግሎቱ አልተቀነሰም፣ የአገልግሎቱ ግማሽ ሆነ እንጂ የሚል ነው።

በቀጣዩ ዓመትም ወደዚያው ትምህርት ቤት ለመመለስ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረናል፤ የመጻሕፍት ማሰባሰቡም በሦስቱ ቋንቋዎች ይሆናል። የአዲስ አባላት ምዝገባ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንቶች በቤተ መጻሕፍቱ ይካሄዳል፤ ሶማሊኛ የሚናገር ተማሪ ካለ ግን መስከረምን ሳይጠብቅ ቢያነጋግረን ደስ ይለናል።