ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁ ቀን

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለማሙሽ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ ስናወራ ቶሎ እቆጣለሁ፤ ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። ባለፈው ፕሮቴስታንት ስለሆንክ "ከሃዲ" ብዬህ ዘጋሁብህ። ይቅር በለኝ። አያታችን ቢሰማኝ ኖሮ ያፍርብኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከግንቦት ልደታ ንፍሮ ነው። እማዬ ዘግና ስትሰጥህ "አልበላም" አልካት። እሷ አልተቆጣችም። ድርሻህን በሳህን ከድና እስከ ማታ አቆየችልህ። እዚህ ሆኜ የነደድኩት እኔ ነኝ። ስደውል ሮሜ 8፥34ን ጠቀስክብኝ። ስለ ክርስቶስ አንተ "የሚማልደው" ስትል እኔ "የሚፈርደው ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

ከዚያ በሌሊት ፈረቃ፣ የምጦራቸው አሮጊቶች ከተኙ በኋላ፣ መጽሐፉን ገለጥኩት። ለካ ምዕራፉን ከመጀመሪያው አንብቤው አላውቅም! ጥቅሷን ብቻ ነው ከሰው ክርክር የለቀምኳት። የ1954ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ እትም "የሚማልደው" ይላል፣ የኛ የኦርቶዶክሶቹ ሰማንያ አሐዱ ደግሞ "ይፈርዳል"። ግሪክኛ የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ፤ ቃሉ ወዳንተ ያደላል አለኝ። ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። እኔ ግን አሁንም የማምነው ጌታ በመስቀል ላይ አንዴ ማልዶ እንደፈጸመ፣ ዛሬ የሚለመን አምላክ እንደሆነ ነው። እመቤታችንም ታማልደኛለች። ይህን አልለቅም። አንተም ሉቃስ 1፥48 ላይ ስትደርስ "ትውልድ ሁሉ ብፅዕት ይሉኛል" የሚለውን አትዝለለው። እኔም ያንተን አልዘለልኩም።

አያታችን የሐዲስ ኪዳንን ትርጓሜ ሲያስተምር ትዝ ይልሃል? ተማሪው ግእዙን ያነባል፣ እሱ በአማርኛ ይፈታል። ከዚያ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ ያደርግና "አንድም..." ይላል። ሌላ ፍቺ ይመጣል፣ የፊተኛው ሳይፈርስ። ደግሞ "አንድም..."። ሁሉም ልክ ነው ይል ነበር ማለቴ አይደለም፤ በሃይማኖቱ ቆራጥ ነበር። ግን "አንድም" ሲል ድምፁ ዝግ ይላል። እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ እንዴት ጩኸት ብቻ ያዝኩ?

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የእማዬ ዓይን ደክሟል፣ ዳዊቷን እንደ ድሮው ማንበብ አቅቷታል። ማታ ማታ አንብብላት። መጻሕፍቱ 66 ናቸው ብትል 81፣ ዳዊት ሁለታችንም ዘንድ አለ። ያንተ 150 ላይ ያበቃል። ዳዊት ከወንድሞቹ ትንሹ እንደነበር የሚናገረውን 151ኛውን እሷ በቃሏ ትልልሃለች። ቁጭ ብለህ ስማት።

ሐሙስ ሌሊት ሥራ የለኝም። ደውልልኝ።

የምትወድህ እህትህ