የአጨዳ ማግስት ጭስ
ሰላም ለሁላችሁ፣

አጨዳው አለቀ፣ ገለባ ማቃጠሉ ተጀመረ። ትናንት ማለዳ መስኮት ስከፍት ጭሱ ሽቅብ አልወጣም፣ እርሻው ላይ ተኝቷል። ደጅ ተሰቅሎ ያደረው ልብስም ላይ ጥቁር አመድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍስና ጭሱን ይበትነዋል። ሌሊት ግን መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ይገለበጣል ወይም ጭራሽ ይቆማል፣ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየርም እንደ ክዳን ሆኖ ጭሱን እታች ያፍነዋል። ስለዚህ ማለዳና ምሽት ይብሳል። (የባሕር ነፋስ ሁሌ ያጸዳልናል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሌሊት ወደ ባሕር የወጣውን ጭስ አንዳንዴ ቀን መልሶ ያመጣዋል።)

የአየር ጥራት መለኪያ ያላችሁ ፒኤም 2.5 (በአየር ውስጥ ያለ እጅግ ደቃቅ ብናኝ መጠን) የሚለውን ቁጥር እዩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓቱ አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ማለፍ የለበትም። ጉም ሲኖር ርካሽ መለኪያ ቁጥሩን ያጋንናል።

አስም ያለባቸው ልጆችና አረጋውያን ማለዳ ደጅ ባይቆዩ ጥሩ ነው። የጨርቅ ማስክ ለዚህ ጭስ እምብዛም አይረባም፣ ኤን95 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ይሻላል። የምታቃጥሉ ደግሞ እባካችሁ፣ ከተቻለ መሬቱን አርሳችሁ ገለባውን ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት፤ ካልሆነም ቀድማችሁ ለጎረቤት ንገሩ።