መኪናው እየሄደ ነዳጅ ለምን እንደምሰጥ ለጠየቅሽኝ ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደጀን ደርሻለሁ። ጭነቱ እስኪራገፍ ድረስ ጥያቄሽን ልመልስልሽ ብዬ ነው።

«አባዬ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያስቆመው ካላገኘ መሄዱን ይቀጥላል ከተባለ፣ አንተ መኪናው እየሄደ ለምን ነዳጅ ትሰጣለህ?» አልሽኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ ተማሪ ሕጉን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል እንጂ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ነዳጅ የምሰጠው የሚያስቆሙት ነገሮች ስላሉ ነው። አየሩ ከፊት ይጋፋዋል። ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲንከባለል ጉልበት ይበላል። ሞተሩና ማርሹ ውስጥም ሰበቃ አለ። ሜዳ ላይ በ60 ረግቼ ስሄድ የሞተሩ ግፊትና የእነዚህ ሁሉ ተቃውሞ እኩል ለእኩል ናቸው። ጨምሬ ስረግጥ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ስለቅ ይቀንሳል። ተቃውሞ በሌለበትማ ነዳጅ ምን ያደርጋል? ቮያጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1977 ተመጠቀች። እስከ ዛሬ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተጓዘች ነው፤ ከኋላ የሚገፋት ሞተር ግን የለም።

ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ከአርስቶትል ጀምሮ የሚገፋው የሌለ ነገር በራሱ ይቆማል ይባል ነበር። ጋሊልዮ ኳስ በተዳፋት ላይ እያንከባለለ ያንን እምነት አልቀበልም አለ። ኒውተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1687 ሕግ አድርጎ አስቀመጠው።

ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝም ወደ ፊት የሚወረውርሽ ኃይል የለም። መኪናው ቆመ፣ አንቺ ግን ጉዞሽን ቀጠልሽ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ጋቢና ስትቀመጪ ቀበቶ እሰሪ። ትራፊክ ኖረ አልኖረ እሰሪ።

አሁን እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ፍሬን ያለው የቤት መኪና በ30 ሲሄድ ፍሬን ከያዘ በኋላ 5 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በ60 ከሆነ 20 ሜትር ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት በ60 ወደ 17 ሜትር ሄዷል። ድምሩ 37 ሜትር ነው! ልጅ ኳስ ተከትሎ መንገድ ውስጥ ሲገባ 37 ሜትር ከየት ይመጣል?

ትናንት የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጣሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። መኪናውና ጭነቱ 30 ቶን ቢሆኑ፣ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት ያንኑ መኪና ከ60 ወደ ዜሮ 70 ጊዜ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት የትም አይጠፋም፣ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሹፌሩ ፍሬን ብቻ ይዞ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያ መያዝ ያቅተዋል። ሰው «ፍሬን በጠሰ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም፣ ፍሬኑ ግሎ ነው። ለዚህ ነው ገና ከላይ ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ዝቅተኛውን፣ አስገብቼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝልኝ የማደርገው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ፍሪ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል።

እስቲ በ90 ለሚሄደው የቤት መኪና ርቀቱን አንቺ አስይው። አንዱን ሰከንድ መደመር እንዳትረሺ። እሑድ ስደውል ትነግሪኛለሽ።

አባትሽ