ደሴ ሳትደርሱ ሚሞሪን አትቅበሩት

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኢትዮጵያውያን የሙዚቃ ምርጫ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ደሴም አንብበነዋል። ስለ አዲስ አበባ የተባለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለአዲስ አበቤዎች ልተወው። አንዲት መስመር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ዘጋቢያችሁ ዘፈን በሚሞሪ ማስጫን ቀርቷል፣ ዛሬ ሰው ሁሉ በዩቲዩብና በመተግበሪያ ነው የሚያዳምጠው ብሏል። ሰው ሁሉ! እኛስ ምን ልንባል ነው?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ከስፌት መኪናዬ አልነሳም። እጄ ሲሠራ ጆሮዬ ያዳምጣል። ከሱቄ ቀጥሎ ደግሞ ሚሞሪ የሚጭን ልጅ አለ፤ የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቀረ የተባለውን ሥራ በየቀኑ በዓይኔ አየዋለሁ። በገበያ ቀንማ ደንበኞቹ ቦታ ሲያጡ እኔ በርጩማ ላይ ነው የሚቀመጡት።

በቀደም አንዲት እናት መጡ። ከኩታበር በኩል ነው የመጡት። ሚሞሪዋን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋታል። ፈትተው እጁ ላይ አኖሩለትና፣ "ልጄ፣ መንዙማውን ከፊት አድርግልኝ። ቀጥለህ አምባሰል። ከታች ደግሞ የማርያም መዝሙር ጨምርበት፤ ጎረቤቴ ስልክ የላትም፣ ከኔው ጋር ነው የምትሰማው" አሉት። "እሺ እናቴ" ብሎ ጀመረ።

የሳቸው ስልክ ባትሪ የምታበራዋ ትንሿ ስልክ ነች። የአማርኛ ፊደል አታውቅም። የዘፈኑን ስም በአማርኛ ብትጽፍባት ባዶ ሳጥኖች ደርድራ ታሳያለች። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ፋይሎቹን በቁጥር ይሰይማቸዋል፤ 01፣ 02፣ 03 እያለ። ከዚያ አንድ በአንድ እያስደመጠ ቅደም ተከተሉን ይነግራቸዋል። እሳቸውም ቁልፉን ስንቴ እንደሚጫኑ በቃላቸው ይይዛሉ። የሚወዱት መንዙማ አራተኛው ላይ ነው። ማሪቱ ለገሠ አሥራ አንደኛው ላይ ነች። ማንበብ አላስፈለጋቸውም፣ የይለፍ ቃል አላስፈለጋቸውም፣ የሚሞላ ካርድ አላስፈለጋቸውም። ልጁ የደንበኛውን ልክ ወስዶ እንደሚሰፋ ሰው ነው የሠራላቸው። ዘጋቢያችሁ ይህን ነው ያለፈበት ቴክኖሎጂ ብሎ በግማሽ መስመር የዘጋው።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ዘገባው የሕዝቡን ምርጫ የለካው የተለያዩ ዓመታትን የዩቲዩብ እይታ በሰንጠረዥ አነጻጽሮ ነው። ዩቲዩብ የሚቆጥረው ደግሞ ዩቲዩብን የከፈተ ሰውን ብቻ ነው። እኚያ እናት አራተኛውን መንዙማ ዓመቱን ሙሉ ቢያዳምጡት በዚያ ሰንጠረዥ ላይ የሚጨምሩት ነገር ዜሮ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ከፍላሽ የሚለቀቀውም፣ በዜንደር ከስልክ ስልክ የሚሻገረውም፣ ሠርግ ቤት የሚጮኸውም እንደዚሁ ዜሮ ነው። መለኪያው እኛን የማያይ ከሆነ ውጤቱ ላይ እኛ አለመኖራችን ምን ያስደንቃል? የሚያስደንቀው በዚህ መለኪያ ተለክቶ "ሰው ሁሉ" መባሉ ነው።

በዚያ ላይ አንድ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ዘገባው ያነጻጸራቸው ዓመታት ውስጥ ይህ ጊዜ አለበት። በነዚያ ወራት ከወሎ የሚመጣ እይታ ከየት ይመጣል? አዘጋጁስ ይህን ሰንጠረዥ ሲያይ አንድ ጊዜ እንኳን አልጠየቀም? የግርጌ ማስታወሻ እንኳን የለውም። ኔትወርኩ ሲዘጋብን አልተቆጠርንም። ዝም ስንል ደግሞ ምርጫችን ተለውጧል ተባልን።

ሚሞሪ ለኛ የድህነት ምልክት ብቻ አይደለም። ስሌቱም ከኛ ጋር ነው። በ128 ኪሎቢት የተጫነ ድምፅ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው። 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ከ500 ሰዓት በላይ ድምፅ ይሸከማል ማለት ነው። አንዴ ተጭኖ ያለቀ ነው፤ ዳታ የለ፣ ወርኃዊ ክፍያ የለ። የ30 ደቂቃ መንዙማ ከኢንተርኔት በድምፅ ብቻ ብትሰማው 30 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ በቪዲዮ ሲሆን ከዚያም ይብሳል። መንዙማ ደግሞ አንዴ ተሰምቶ የሚተው ነገር አይደለም። በየቀኑ ነው የሚሰማው። ይህን ሒሳብ ያወቀ ሰው ሚሞሪውን አይጥልም።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ መብራትም ስልክም ጠፋ። ዜና የለ፣ ደውሎ የሰውን ደኅንነት መጠየቅ የለ። እኛ ቤት የነበረችው ትንሽ ስልክ ግን ሚሞሪዋ ላይ ያለውን ታሰማ ነበር። ባትሪዋን ለመቆጠብ ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ ብቻ ነበር የምንከፍታት። የተኩስ ድምፅ የሚያስበረግጋት ትንሿ ልጄ ያንን እየሰማች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት የነበረው። እና አሁን አንድ ሰው ተነስቶ ይህ ነገር ቀርቷል ሲለኝ እቆጣለሁ። አዎ፣ እቆጣለሁ።

ዘገባው ላይ ሌላም የጎደለ ነገር አለ፤ ከመጀመሪያው ስህተት የተወለደ ነው። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፤ መንዙማ የሚል ቃል የለበትም። ስለ ኢትዮጵያውያን ጆሮ ይህን ያህል ገጽ ተጽፎ መንዙማ አንዴ እንኳን አይነሳም? ወሎ ውስጥ ሸሆቻችን በአማርኛ እየገጠሙ፣ በአረብኛ ፊደል በዓጀሚ እየጻፉ ያቆዩት ሀብት ነው። ሸህ ጦልሃ ጀዕፈርን የመሰሉ ዓሊሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የገጠሙት ዛሬም በቃል ይባላል። አልቡኮ ጀማ ንጉሥ መውሊድ ላይ የሚሰበሰበውን ሰው ያየ፣ ድቤው ሲመታ፣ ጭብጨባው አንድ ላይ ሲወርድ የሰማ ሰው፣ ይህ ሕዝብ ምን እንደሚወድ ሰንጠረዥ አያስፈልገውም። ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለዱዓ በሚሰበሰብበት፣ ቡናው ተፈልቶ፣ እጣኑ ጨሶ፣ መንዙማ የሚያወጣ ሰው በሌለ ጊዜ መንዙማውን የምታወጣው ያችው ሚሞሪ ነች። በዩቲዩብ ስትሞክረው ልብህ መመሰጥ ሲጀምር መሃሉ ላይ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ዘሎ ይገባል። እናቴ አንዴ ይህን ሰምታ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አጥፍታዋለች። ልክ ነች። ለኔም አዲሱ መንገድ የማይጥመኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ዘገባችሁ አንድ አዲስ ዘፈን በአምባሰል ቅኝት በመሠራቱ አመስግኖታል። ደስ ይላል። አምባሰል ግን ወረዳ ነው። የግሸን ማርያም አገር ነው፣ ሰው ይኖርበታል፣ ያ ሰውም ያዳምጣል። የሌላው ቅኝት ስም ባቲም ከተማ ነች። ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው በአንድ መንገድ ላይ አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ አፋርኛም ዘፈን ከየስልኩ ይሰማል፤ ግመል ከሚነዳው ወጣት ኪስ ሳይቀር። ቅኝታችንን ትወስዳላችሁ፣ እኛን አትጠይቁንም። ማሪቱ ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ወጥታ አገር ያወቃት ድምፅ ነች። ያቺን ድምፅ ያወጣ ሕዝብ ስለ ዘፈን አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ምን ነበረበት?

ለነገሩ ልማድ ሆኗል። ወሎ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ወይ ለድርቅ ነው ወይ ለቁንጅና። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ሲነሳ ፎቶ የሚፈለገው ከኛ ነው። ስለ ቆንጆ ሴት ሲወራ ስማችን ይጠራል። ስለ ስልክ፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ሙዚቃ ምርጫ ሲጠየቅ ግን የሚጠየቀው ቦሌ ካፌ የተቀመጠ ወጣት ነው። እኛ የምንወደውና የምንጠላው ነገር የለንም? እኔ ለምሳሌ በኮምፒውተር ከበሮ ብቻ የተሠራ ዘፈን አልወድም፤ ማሲንቆው የት ሄደ እላለሁ። ልጄ ደግሞ ያንኑ ነው የምትወደው። በየቤቱ የሚያጨቃጭቅ ወሬ አለን። መጥቶ የሰማን ግን የለም።

ዘጋቢው አንድ ቁም ነገር አንስቷል፣ እሱን አልክድም። ሚሞሪ ሲጫን ድምፃዊው አያገኝም ብሏል። እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ይጠብቃል፤ ሱቁ ሲጭን ለዘፋኙ የሚደርሰው ግን የለም። ይህ ያሳዝነኛል። የሰው ድካም በነጻ እንዲሄድ አልፈልግም፤ እኔም በእጄ ሠርቼ የምበላ ነኝ። ግን መፍትሔው ሱቁን ቀርቷል ብሎ መጻፍ ነው? ካሴት በነበረ ጊዜ ከሙዚቃ ቤት ከፍለን ነው የገዛነው። ካሴቱ ሲቀር ከፍለን የምንወስድበትን መንገድ ማንም አላበጀልንም። ዘፋኞቹና አሳታሚዎቹ ለነዚህ ልጆች ፈቃድ ሰጥተው ከየጭነቱ ድርሻቸውን ቢያስቀሩ እኚያ የኩታበር እናት ጥቂት ብር ጨምረው ይከፍላሉ። ለልጁ ከፍለዋል እኮ፤ ነጻ አልወሰዱም። ይህን የሚጠይቅ ዘገባ ብትሠሩ እኔ ራሴ አንባቢ እሰበስብላችሁ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ያቺ መስመር ትታረም። ሚሞሪ ማስጫን አልቀረም፤ ሰንጠረዡም ኢንተርኔት ተዘግቶበት የነበረውን ክልል እንደማያሳይ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁ ይምጣ። በገበያ ቀን ይሁን፤ የምትይዙለትን ሆቴል አላውቅም፣ ምሳውን ግን እኔ እችላለሁ። በርጩማዬ ላይ ይቀመጥና ማን ምን እንደሚያስጭን ከጠዋት እስከ ማታ ይቁጠር። መንዙማውንም አብሮ ይቁጠር።

ልብስ ሰፊው አንባቢያችሁ፣
ከደሴ