ለግራ መስመር ተከላካዩ ልጄ

ጎንደር፣ ቅዳሜ ማታ

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉንፋኑ ለቋታል። አያትህ ጉልበቷን ከማለት በቀር ደህና ናት፤ ማታ ማታ ራት ሲቀርብ "ልጁስ በልቶ ይሆን?" ሳትል አትጎርስም።

ባለፈው እሁድ ስትደውል ገና ድምፅህን ስሰማ ነገር እንዳለ ገባኝ። "አባዬ፣ ተከላካይ አደረጉኝ፤ ያውም በግራ" ብለህ ዝም አልክ። ቆይተህ ደግሞ "ልመጣ ነው" አልከኝ። ሱቅ ውስጥ ሰው ቆሞ ነበር፣ በእጄ የሚለካ ሱሪ ይዤ ነበር፤ "እስቲ ትንሽ ታገስ" ብዬ ዘጋሁት። ሳምንቱን ሙሉ ያቺ መልሴ ስትቆረቁረኝ ሰነበተች። ልጅ ከሰው አገር ደውሎ ሆዱን ሲያራግፍ እንዲያ አይባልም። ስለዚህ ዛሬ የአራዳውን ሱቅ በጊዜ ዘግቼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ስልክ ላይ ቃሉ ይበታተንብኛል።

ሐዘንህ ይገባኛል። ኳስ መንከባለል ከጀመርክ ጀምሮ አጥቂ ነህ። ማራኪ ሜዳ ላይ ጎል አግብተህ እጅህን ዘርግተህ ወደ እኔ ስትሮጥ አሁንም ይታየኛል። ቀኝ እግርህ መምቻ፣ ግራህ መቆሚያ ነበር። አሁን አሰልጣኙ ከጎሉ አርቆ፣ በማትመታበት እግር በኩል ሲያቆምህ የጣለህ መሰለህ። አልጣለህም። ይህን የምልህ ለማጽናናት አይደለም፤ የማውቀውን ሰው ታሪክ ይዤ ነው።

ከስፌት መኪናዬ በላይ የተለጠፈውን ፎቶ ታስታውሳለህ፤ የኢጣሊያው ክለብ የሚላን ተከላካይ የነበረው ፓውሎ ማልዲኒ ነው። አንተ በተወለድክበት በ2001 ዓ.ም. ጫማ ስለሰቀለ ሲጫወት አላየኸውም። ይህ ሰው ተፈጥሮው ቀኝ ነው። እንደ አንተ ቀኝ። ሚላን ውስጥ ግን ቀኙን ማውሮ ታሶቲ ይዞት ነበርና እሱ በግራ ተሰለፈ። ግራ እግሩን አሠለጠነው፤ እስኪለይ ድረስ አይደለም፣ እስከማይለይ ድረስ። እኔ ራሴ ለዓመታት ግራ እግር ተጫዋች ነው ብዬ እከራከር ነበር።

በኢጣሊያ ሊግ፣ በሴሪ አ፣ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1985 ነው። በእኛ ሲቆጠር ጥር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ቃና ዘገሊላ። አስበው፤ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ከፋሲል መዋኛ የሚካኤልን ታቦት በዝማሬ እየሸኘሁ፣ እሱ በዚያው ቀን ኡዲኔ በምትባል ከተማ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ለሁለተኛው አጋማሽ ገባ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ያንተ ዕድሜ! ያስገባው አሰልጣኝ ስዊድናዊው ኒልስ ሊድሆልም ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሃያ አምስት የውድድር ዘመን፣ 902 ጨዋታ፣ ሁሉም በአንድ ማሊያ። ሰባት የሊግ ዋንጫ፣ አምስት የአውሮፓ ዋንጫ። ለኢጣሊያ ብሔራዊ ቡድን 126 ጊዜ ተሰለፈ፤ ከዚያ ውስጥ 74ቱን አምበል ሆኖ።

የአባቱ ስምም ቀላል ሸክም አልነበረም። ቼዛሬ ማልዲኒ እሱም ተከላካይ፣ እሱም የሚላን አምበል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ አገር ዌምብሌይ ላይ ቤንፊካን አሸንፈው የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው እሱ ነው። ልጅየው መጀመሪያ ሜዳ ሲገባ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ እያወቀ ነው ያየው።

አሁን ወደ ተከላካይነት ልምጣ። በእኛ ሰፈር ተከላካይ ማለት ጉልበት ያለውና አርቆ የሚጠልዝ ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። ግንቦት 20 ቀን 1995 ዓ.ም. በዓል ስለነበር ሱቅ አልከፈትኩም፤ ማታ ፒያሳ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ሄድኩ። ሚላንና ጁቬንቱስ፣ የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ማንቸስተር ላይ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ከምሰሶው ሥር በርጩማ አገኘሁ። የዚያን ቀን ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ፤ ኳሷን አላይም፣ ማልዲኒን ብቻ አያለሁ አልኩ። ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ስለሆነ ከግራ ወደ መሃል ገብቷል፤ ከጎኑ አሌሳንድሮ ኔስታ አለ። ካሜራው እሱን ባሳየኝ ቁጥር ምን አየሁ መሰለህ? ኳሷ ማዶ ሳለች እሱ አንገቱን ያዞራል፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ እንደገና ወደ ኋላ። እጁን ዘርግቶ ለሌላው ተከላካይ ለኮስታኩርታ ቦታ ያሳያል። ሁለት እርምጃ ይጠጋል፣ አንድ ይመለሳል። ኳሷ ስትመጣ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቃታል። እንደ ሌሎቹ ተንሸራቶ መሬት ለመሬት ሲሄድ እምብዛም አታየውም፤ ቦታው ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው መንሸራተት ምን ያደርግለታል? መቶ ሃያ ደቂቃ አንድ ጎል ሳይገባ አለቀ። በዙሪያዬ ያለው ሰው "አሰልቺ ጨዋታ" እያለ ሲያጉረመርም እኔ ላብ በላብ ሆኜ ነበር። በፍፁም ቅጣት ምት ሚላን 3 ለ 2 አሸነፈ። አባቱ በእንግሊዝ ምድር ዋንጫውን ባነሳ በአርባ ዓመቱ ልጅየውም በዚያው በእንግሊዝ ምድር አነሳው።

አንተም እስቲ ይህንኑ ሞክር። በሚቀጥለው ልምምድ ኳሷ ካንተ ርቃ ሳለች ስንት ጊዜ አንገትህን እንዳዞርክ ቁጠር። አጥቂ ሆነህ ስትጫወት የምትፈልገው ኳሷንና ጎሉን ነበር፤ አሁን ከጀርባህ ማን እንደቆመም ማወቅ አለብህ።

ስለ ቀኝ እግርህ ደግሞ ይህን አስብበት። የተጋጣሚህ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ወደ መሃል ሰብሮ ሊገባ ሲል የሚመጣው በጠንካራው እግርህ በኩል ነው፤ እዚያ ላይ ከግራ እግር ተጫዋች ትሻላለህ። የሚያስቸግርህ በመስመሩ ሲሄድብህና አንተ ራስህ ወደፊት ወጥተህ በግራ ስታሻማ ነው። ስለዚህ ደረትህን ፊት ለፊት አትስጠው፤ በጎንህ ቁም፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ፣ ዓይንህን ከእግሩ ላይ አንስተህ ኳሷ ላይ አድርግ። አብዶ የሚሠራው እግር ነው፣ ኳሷ አታታልልም። ቸኩለህ አትግባ። እሱ እስኪቸኩል ጠብቀው። ከልምምድ በኋላ ደግሞ ግድግዳ ፈልግና በግራህ ብቻ ምታ፤ በየቀኑ መቶ። መጀመሪያ ሳምንት ያናድድሃል።

አሁን እስከዛሬ ያልነገርኩህን ልንገርህ። እኔም ተከላካይ እንደነበርኩ ታውቃለህ፤ ለምን እንደተውኩ ግን ጠይቀኸኝ "ሥራ በዛብኝ" ነበር የምልህ። ሥራ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ የቀበሌዎች ውድድር ፍጻሜ ደርሰን ነበር። ዜሮ ለዜሮ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከቀኝ ተሻማ። እኔ አንጋጥጬ ኳሷን አየሁ፣ ሰውየውን ረሳሁት። ከኋላዬ ተነስቶ በቴስታ አገባት። ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ስሜን እየጠራ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። በማግስቱ ታኬታዬን በካርቶን አድርጌ ቆጡ ላይ አስቀመጥኩ። ማንም አላባረረኝም፣ አሰልጣኛችን ቤት ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቶ ለመነኝ። ራሴ ነኝ የቀረሁት።

ሰኔ 11 ቀን 1994 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ኢጣሊያ ከደቡብ ኮሪያ ስትጫወት ያንኑ ጎል በቴሌቪዥን አየሁት። በጭማሪው ሰዓት 117ኛው ደቂቃ ላይ ኳስ ተሻማ፤ አን ጁንግ ሁዋን ከማልዲኒ በላይ ዘሎ በቴስታ አስቆጠረ። ወርቃማ ጎል ስለሆነ ጨዋታው በዚያው አለቀ። ማልዲኒ እዚያው ቀረ፤ የብሔራዊ ቡድን ማሊያውም የመጨረሻው ሆነ። ዓለም ዋንጫ ሳያነሳ ነው የቀረው፤ በ1986 ዓ.ም. ፍጻሜ ደርሰው በብራዚል በፍፁም ቅጣት ምት ተሸንፈዋል። እኔ እንደሱ ተበልጬ ካርቶን ፈለግሁ። እሱ ወደ ሚላን ተመልሶ ልምምድ ገባ። ያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ያየሁት የማንቸስተር ጨዋታ ከዚህ በኋላ አሥራ አንድ ወር ብቻ ቆይቶ የመጣ ነው።

ከዚያም በኋላ አልተመቸውም። ግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ በቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሊቨርፑልን ሲገጥሙ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ጎል ያገባው እሱ ራሱ ነው፤ እስከ እረፍት 3 ለ 0 መሩ። ከእረፍት መልስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ገባባቸው፣ በፍፁም ቅጣት ምት ዋንጫውን አጡ። ያን ሌሊት ወደ ቤት ስመለስ እናትህ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ደነገጠች። ሁለት ዓመት ቆይቶ አቴንስ ላይ ያው ሊቨርፑል መጣ። ማልዲኒ ሠላሳ ዘጠኝ ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶታል፤ ዘጠና ደቂቃውን ተጫውቶ 2 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን አነሳ። አቴንስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባርሴሎናን 4 ለ 0 ያሸነፉባት ከተማ ናት። ያኔ የመሃል ተከላካዮቹ ባሬሲና ኮስታኩርታ ሁለቱም በቅጣት ስላልነበሩ እሱን ከግራ አንስተው መሃል አቆሙት። የዚያን ዓመት ሊጉን ሲወስዱ በ34 ጨዋታ የገባባቸው ጎል 15 ብቻ ነው። ያገቡትም ብዙ አልነበረም፤ 36። ጎል አለመግባትም ዋንጫ እንደሚያስገኝ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም። ደግሞ ሩቅ ምን አስኬደኝ፤ የእኛው ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ ያሬድ ባየህ ተከላካይ አልነበረም እንዴ? አንገቴ ላይ ተቀምጠህ እጅህን ስታጨበጭብለት የነበረው ረሳኸው?

ጭብጨባውን ግን አትጠብቅ። ማልዲኒ በሳን ሲሮ የመጨረሻ ጨዋታውን ባደረገ ቀን ከራሱ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ አፏጩበት። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ! ያናድደኛል፣ አሁንም ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። በሳምንቱ ፍሎረንስ ላይ ሲሰናበት ቆመው ያጨበጨቡለት የተጋጣሚው ደጋፊዎች ናቸው።

ትምህርትህን እንዳትተው። ጉልበትህን ካመመህ ደብቀህ አትጫወት፤ ለአሰልጣኙ ንገር፣ ለእኔም ደውል። አሰልጣኙን ደግሞ ተቀይመህ እንዳታኮርፍ፤ ለምን በግራ እንዳቆመህ በጨዋነት ጠይቀው። ምናልባት እኔ ያላየሁትን አይቶብህ ይሆናል። ደግሞ አንድ ነገር እወቅልኝ፤ እኔ ያቋረጥኩትን አንተ እንድትጨርስልኝ አይደለም ይህን ሁሉ የምጽፈው። ወቅቱ አልቆ፣ ሞክረህ፣ "አባዬ፣ ይህ የኔ አይደለም" ብትለኝ በሩ ክፍት ነው። አሁን አኩርፈህ አትምጣብኝ እንጂ።

ከእናትህ ዳቦ ቆሎና በሶ ማክሰኞ በሚመጣው መኪና ይደርስሃል፤ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል። ከሱ ጋር አዲስ ማሊያ ሰፍቼልሃለሁ፣ ወይን ጠጁን፤ ትከሻው ላይ ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ አድገሃል ብዬ። ሚላን የማልዲኒን 3 ቁጥር ከልጆቹ አንዱ ለክለቡ ቢጫወት እንዲለብሰው ብሎ ለሌላ ሳይሰጥ አስቀምጦታል። ልጁ ዳንኤል ለሚላን ተጫወተ፤ ግን በአጥቂ በኩል፣ በሌላ ቁጥር። ይህን ሳስብ ሐሙስ ማታ ከነጭ ጨርቅ የቆረጥኩትን 3 ቁጥር መኪናው ላይ እንዳለ ተውኩት። የማሊያው ጀርባ ባዶ ነው የሚመጣልህ። ስንት ቁጥር እንደሆንክ እሁድ ደውለህ ንገረኝ፤ ቆርጬ ከክርና መርፌው ጋር እልክልሃለሁ።

አባትህ