ያለ ፎቶ የመጣው ድምፅ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ማዘርስ እንዴት ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ዛሬ እንድጽፍልህ ያስነሳኝ ቻርሊ ፕራይድ የሚባል የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) ዘፋኝ ነው።

ያቺ ሽፋን የሌላት የተቀዳች ካሴት ትዝ ትልሃለች? እናንተ በረንዳ ላይ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን ስንት ክረምት ሰማናት! "ይሄ ፈረንጅ አንጀት ይበላል" ትል ነበር። ወንድሜ፣ ሰውዬው ጥቁር ነው! ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪናዬን ስነዳ በሬዲዮ ሰማሁት። ማታ ቤት ገብቼ ታሪኩን ሳነብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1934 ነው የተወለደው፣ ዓመቱን በፈረንጅ እየቆጠርኩልህ ነው። አገሩ ሚሲሲፒ፣ ስሌጅ የምትባል ትንሽ ከተማ። አባቱ የሰው መሬት በእኩል እያረሱ ጥጥ ያመርቱ ነበር። እሱን ጨምሮ የቤቱ ልጆች 11 ነበሩ። የካንትሪን ዘፈን የለመደው ከአባቱ ሬዲዮ ነው። በ14 ዓመቱ ጊታር ገዛ። ቤዝቦል ተጫወተ። ሞንታና ሄዶም ቀን ማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ እየሠራ ማታ ማታ ይዘፍን ነበር።

በ1966 የመጀመሪያ ሸክላው ሲወጣ አሳታሚው አርሲኤ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ያለ ፎቶ ላከው። ፊቱን ካዩ አያጫውቱትም ብለው ፈሩ። ሰሚው ሁሉ ነጭ መሰለው፣ ልክ እንደኛ።

ከዚያ ዲትሮይት ላይ 10,000 ያህል ሰው ፊት ሊዘፍን ወጣ። ስሙ ሲጠራ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እሱ ብቅ ሲል ጭብጨባው ቀጥ አለ። ጸጥ። እኔ እዚህች ላይ ቀርቻለሁ። ጊታሩን ይዞ እዚያ ሲቆም ምን ተሰምቶት ይሆን? ስለ ቆዳው ቀለም ራሱ ቀልድ ጣል አደረገና ዘፈነ። ሰዉም ተቀበለው።

በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ ብሎ ሸለመው። ወደ 30 የሚጠጉ ዘፈኖቹ በካንትሪ ዘፈኖች ደረጃ አንደኛ ወጥተዋል። በኅዳር 2020 ናሽቪል ላይ የሕይወት ዘመን ሽልማት ተቀብሎ ዘፈነ። በወሩ ኮቪድ ወሰደው፣ 86 ዓመቱ ነበር። ያረፈው እዚሁ ዳላስ ነው። እኔም እኮ ያኔ እዚሁ ነበርኩ! አንድ ከተማ ስንኖር ማን እንደሆነ እንኳ አለማወቄ ይቆጨኛል።

ካሴቷ ካለች አደራ፣ እንዳትጥላት። ለፋሲካ እመጣለሁ። ማጫወቻ ከጠፋ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ፣ ብቻ ጻፍልኝ።

ያንተው