የኅዳር 1954ቱን ፀረ-ኒውክሌር መሣሪያ ውሳኔ ልጆቻችን የት ይዩት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ክረምት እህቴን ለመጠየቅ አሜሪካ በሄድንበት ወቅት፣ ሁለት ልጆቼን ይዤ በኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ ከተማ የሚገኘውን የኒውክሌር ሳይንስና ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ጎበኘሁ። ጉዳዩ ለልጅ ይከብዳል ብዬ ብሰጋም፣ በግቢው የቆሙትን ቢ-29 እና ቢ-52 የተባሉ ግዙፍ የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሲያዩ ልጆቼን ማስወጣት ነው የቸገረኝ።

የስምንት ዓመቱ ልጄ ግን በሂሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ አምሳያ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ የእውነተኛው ክብደት ከ4 ቶን በላይ የነበረው ይህ ቦምብ በእንግሊዝኛ የተሰጠው ስም «ትንሹ ልጅ» ማለት እንደሆነ ታላቁ ነገረውና፣ «ለምን በልጅ ስም ጠሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ቡናው እስኪፈላ ግን በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ ቦምቡ ሲፈነዳ ባለሦስት ጎማ ብስክሌቱን እየነዳ ስለነበረው፣ አራት ዓመት ስላልሞላው የሂሮሺማ ሕፃን አወራኋቸው። አባቱ ብስክሌቱን አብሮት በጓሮ ቀብሮት ኖሮ፣ ከ40 ዓመት በኋላ አውጥቶ ለከተማዋ የሰላም መታሰቢያ ሙዚየም ሰጥቶታል።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ግን ቀጥሎ የመጣው የታላቁ ልጄ ጥያቄ ነው፤ «ኢትዮጵያስ ምን አለች?» አለኝ። ፈረንሳይ የካቲት 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቦምቧን በአልጄሪያ ሰሃራ ካፈነዳች ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በኢትዮጵያ ግንባር ቀደምነት የቀረበለትን የውሳኔ ሐሳብ በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተዓቅቦ አጽድቋል። ቁጥሩ 1653 የሆነው ይህ ውሳኔ በኒውክሌር መሣሪያ መጠቀምን በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል፤ በዚያው ዕለት የጸደቀው 1652ኛው ውሳኔም አፍሪካ ከኒውክሌር ነፃ ቀጣና ሆና እንድትከበር ይጠይቃል። አሜሪካ 1653ን ከተቃወሙት አንዷ መሆኗን ስነግረው እህቴ ሳቀች፤ በእንግድነት በሄድንበት አገር ያወራነው ነገር ስለሆነ ይሆናል።

እዚህ አዲስ አበባ የዓድዋ ድል መታሰቢያንም ሆነ የሳይንስ ሙዚየሙን ከልጆቼ ጋር ደጋግሜ ጎብኝቻለሁ፤ ሁለቱም ያኮራሉ። ሆኖም በእነዚህ ጉብኝቶቼ ስለዚህ ታሪክ የሚያወሳ ነገር አላጋጠመኝም። ስለዚህ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች በሳይንስ ሙዚየሙ ውስጥ አንድ ጥግ እንዲመድቡለት፣ በዚያም የሰሃራውን ፍንዳታ ሥፍራ የሚያሳይ ካርታ፣ የውሳኔውን ቅጂ ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር፣ እንዲሁም ማን ደግፎ ማን እንደተቃወመ የሚያሳይ የድምፅ ሰንጠረዥ እንዲያስቀምጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጽሑፉ በልጅ ዓይን ቁመት ቢሰቀል ደግሞ ታናሹ ያለ እኔ እገዛ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ